የመቀናጆው በሬ

ወልድያ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ዕቃው በጦርነቱ ስለተዘረፈ፣ ለከድጃ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና የደረሳት ወረፋ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ደሴ በግል ቢሆን በሳምንቱ ያልቃል፤ የሚጠይቀው ግን የአንድ በሬ ዋጋ ነው።

ባሏ እንድሪስ ያለው በሬ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ከጎረቤቱ ከአያ ደምሌ በሬ ጋር አቀናጅተው በየተራ ያርሱበታል። ሸጠው ማለት የሽማግሌውም ማሳ ጦም አደረ ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ሦስት ቀን ሲያመነታ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ከድጃ ሕመሙ ጠንቶባት መደቡን ስትቧጥጥ ቢያይ ጊዜ ተነስቶ ሄደ።

«አያ ደምሌ፣ በሬውን መርሳ ገበያ ወስጄ ልሸጠው ነው። ይቅር ይበሉኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሽማግሌው ከግድግዳው የተሰቀለውን ቀንበር ቀና ብለው አዩ።

«ሚስቴ በግንቦት ወረፋ ስትጠብቅ ሞተችብኝ» አሉ። «ያኔ እኔም በሬዬን ልሸጥ ተነስቼ ነበር። አንተን አፍሬ ተውሁት።»