መንገዷ እስከ ዋርካው

«አጎቴ፣ እባክዎ ከመስመሩ ወዲያ ይቁሙ። ስልኩንም ለእኔ ይስጡኝ እንጂ ለእሱ አይዘርጉለት» አለች ሙና።

ጡረተኛው ወታደር ሎክ ባሃዱር መሬቱ ላይ በእበት ከተሰመረው መስመር አሳልፎ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ለልቅሶ የመጣው ሙዝ ይዞ ነው፤ ስልኩን ግን ከሙዙ ይበልጥ አጥብቆ ነበር የያዘው። የሙና ታናሽ ወንድም ኡመሽ ከመስመሩ ውስጥ፣ ጭድ ላይ፣ ስፌት የሌለው ነጭ ጨርቅ ተከናንቦ፣ ራሱን ተላጭቶ ተቀምጧል። ለእናቱ አስከሬን እሳት የለኮሰ ልጅ አሥራ ሦስተኛው ቀን እስኪያልፍ ማንንም አይነካም፣ ማንም አይነካውም። የሰው ዕቃም አይነካም። ጨው የሌለው ሩዙን ራሱ ቀቅሎ በቀን አንዴ ይበላል፣ ሲመሽ እዚያው ጭዱ ላይ ይተኛል።

«አምላክ ያጽናህ ልጄ» አለ ሎክ ባሃዱር። «እናትህ ሱባድራ ደግ ሰው ነበረች።» ስልኩን አየት አደረገ። «ያ ፌስቡክ የሚሉት ነገር ደግሞ አላስገባህም አለኝ።»

«የይለፍ ቃሉን ረሱት?» አለ ኡመሽ።

«ባልረሳው ምን አመጣኝ? ማለቴ፣ ለልቅሶውም ነው የመጣሁት።»

«የክፍለ ጦርዎን ስም ነበር ያስገባነው፤ ከኋላው የትልቋ ልጅዎ የትውልድ ዓመት አለ።»

ሎክ ባሃዱር የክፍለ ጦሩን ስም ሳያንገራግር ተናገረ። የልጅቱ ዓመት ላይ ሲደርስ ግን ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ፤ በመጨረሻም ሚስቱ ጋ ደወለ። ከወዲያ በኩል የመጣው ስድብ ግቢው ውስጥ ላለው ሁሉ ተሰማ፣ ዓመቱም ከስድቡ መሀል ተገኘ። ሙና ወንድሟ በአፉ እየመራት አስገባችለት። ሰውየው ምስጋናውንና ማጽናናቱን አደባልቆ ተናግሮ ወጣ።

ሙና «ነውር አያውቁም» አለች።

«ተያቸው፣ ዲዲ።» ታላቅ እህቱን የሚጠራት እንዲህ ነው። «ሱቁ ዝግ ነው። የት ይሂዱ?»

በኔፓሏ ከተማ ቡትዋል ውስጥ፣ ከቲናው ወንዝ ድልድይ አጠገብ፣ ኡመሽ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ይጠግናል ይባል እንጂ ግማሽ ቀኑ የሚያልፈው የሰው የይለፍ ቃል ሲያስታውስ ነው። ባለቤቱ የረሳውን እሱ አይረሳም። የማይከፈት ስልክ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ግን ሁልጊዜ የሚናገራት አንዲት ነገር ነበረችው፤ «ስልኩ ይከፈታል፤ ውስጡ ያለው ግን አይተርፍም» ይላል። ያላዘነለት ደንበኛ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ሸኝቶት ወደ ሥራው ይመለሳል። አሁን ያቺው ነገር ከደረቱ አልወርድ ብላዋለች።

የእናቱ ስልክ የአበባ ጉንጉን ከተደረገበት ፎቶዋ ሥር ተቀምጧል። ሙና በየጠዋቱ ኃይል ትሞላዋለች። ሐዘንተኛው ቤት ሙሉ የሚያወራው ስለዚያ ስልክ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኡመሽ የማይሰማ እየመሰለው።

ነገሩ የድሩባ ነገር ነው። ድሩባ የቤቱ የበኩር ልጅ ነበር። ወደ ማሌዥያ ለሥራ ሲሄድ ኡመሽ ገና ልጅ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ስልኩ ጠፋ፣ ድምፁም ጠፋ። የላከው ደላላ አላውቅም አለ፣ አብረውት የሄዱት አላየንም አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ወሬው ለጠፋ ሰው ወግ አለው፤ ከተቀደሰው ሣር ሰው ይሠሩለትና አቃጥለው ያለቅሱለታል። ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ ሱባድራን ደጋግሞ ለመናት። «ልጄ ሣር አይደለም» ብላ ሁሉንም ከደጅ መለሰች። አሁን እሷ ሞተች። ሥርዓቱን የሚመሩት የሂንዱ ቄስ ደግሞ ጥያቄ አምጥተዋል፤ ሞቶ ከሆነ ከእናቱ ጋር ሥርዓቱ ይፈጸምለትና ነፍሱ ትረፍ፣ በሕይወት ካለ ግን በቁሙ ያለን ሰው ማቃጠል ኃጢአት ነው። ነገ ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት ቁርጡን ማወቅ አለባቸው።

ሱባድራ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ሙናን ወደ አፏ አስጠግታ «ስለ ድሩባ ቃሌን ስልኩ ውስጥ ተናግሬ አስቀምጬዋለሁ» ብላት ነበር። «ኡመሽ ይከፍተዋል። እሱ የማይከፍተው የለም።»

ኡመሽ ግን መክፈት አቃተው። ራሱ ያበጀላትን መክፈቻ በመጀመሪያው ቀን ለሙና ነገራት፤ አልሠራም። ያጎቱ ልጆች እናውቃለን ብለው ተቀባበሉት። በመጨረሻ ስልኩ አስጠነቀቀ፤ አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቷል፣ ከዚያ ሁሉም ይጠፋል። እንዲህ እንዲሆን አድርጎ ያሰናዳው ሌላ ማንም አይደለም፣ ኡመሽ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ስልክ የሚሰርቅ ሲበዛ የሴቶቹን ስልክ ሁሉ እየሰበሰበ፣ ማንም እንዳይጎረጉረው ብሎ፣ በገዛ እጁ ነው ያሰናዳው። ጭዱ ላይ ተኝቶ ይህን ባሰበ ቁጥር ተነሥቶ ይቀመጣል።

መክፈቻው የእናቱ ፈጠራ ነበር። ሱባድራ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ቢያስጠናት አልያዝ አላት። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በመስታወቱ ላይ የተደረደሩትን ዘጠኝ ነጥቦች ትክ ብላ አየቻቸው። «ጣት በእነዚህ ላይ ካለፈ ይከፈታል አይደል የምትለው?» አለችው። «እንግዲያው መንገዴን ላድርገው። የታችኛው ቤቴ ይሁን። ይሄ ቦኖው። ይሄ መቅደሱ። ይሄ ዋርካው። ይሄ መናኸሪያው። መንገዴን እረሳለሁ እንዴ?» ከዚያ ወዲህ አልረሳችም። የሰፈሩን ሴቶች እየጎተተች አመጣችለት፤ እሱም ለእያንዳንዷ «ጠዋት ከቤት ስትወጪ የት የት ትሄጃለሽ?» እያለ መንገዷን መክፈቻዋ አደረገላት። አቀያየሩን ያሳያቸውና አንድ ነገር ብቻ ያስጠነቅቃቸው ነበር፤ መንገዳችሁ ሲቀየር ስልኩንም ቀይሩት፣ አለዚያ እግራችሁና ጣታችሁ ይጣላሉ።

መናኸሪያው ለምን በመንገዷ ውስጥ እንደገባ አልጠየቃትም። ያውቀዋል። የካትማንዱ አውቶቡስ ጠዋት ጠዋት ከውጭ አገር የመጡትን፣ ሻንጣቸውን በገመድ የጠፈሩትን ልጆች የሚያራግፈው እዚያ ነው። እሷም ሁሉም ወርደው እስኪያልቁ ትቆማለች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ከሰዓት በኋላ ቄሱ ለነገው የሚሆነውን ሣር በብብታቸው ይዘው መጡና በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ከእሳቸው ኋላ ጎረቤታቸው ዲል ማያ ገባች። ሱባድራና እሷ ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው፣ ጠዋትም አብረው ነበር የሚወጡት። መስመሩ ጋ ደርሳ ተቀመጠችና በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠራረገች።

«ባቡ፣ ልጄ፣ ላስቸግርህ አልፈለግሁም። ዱባይ ላለው ልጄ የምደውልበት አጣሁ። ስልኬ እንቢ አለ።»

«የት የት ሄድሽ ዛሬ?» አላት ኡመሽ። አፉ የለመደውን ነው የተናገረው።

«እንደ ድሮው። ቤት፣ ቦኖ፣ መቅደስ፣ ዋርካ፣ መናኸሪያ። ጣቴን እንዲሁ አድርጌ ባሳልፈው ተሳስተሻል ይለኛል።»

«ቀይረሽው ነበር?»

«እኔማ መቀየር የት አውቄ። እናትህ ናት የቀየረችልኝ። ያኔ የሷንም ቀየረች፣ የኔንም።» ዲል ማያ ድንገት እንባዋ መጣ። «ከቲሃር በዓል ወዲህ መናኸሪያው ድረስ መሄድ ትተን ነበር። ዋርካው ጋ ስንደርስ ትቀመጥና ‹እንመለስ› ትለኛለች። እግሬ ደከመ አለችኝ። እግሯ ግን ደህና ነበር፣ ባቡ፣ ከኔ ቀድማ ነበር የምትራመደው። ከሞተች ወዲህ ማን ይቆምለታል ብዬ እኔ ብቻዬን እስከ መናኸሪያው ሄድሁ። ጣቴም አብሮኝ ሄደ መሰለኝ።»

ኡመሽ ወደ መስመሩ ተጠጋ። «ዋርካው ላይ አቁሚው» አላት። ዲል ማያ ስልኳን አውጥታ ጣቷን ከታች አስነሥታ ዋርካው ላይ አቆመችው። ስልኩ ተከፈተ።

ሙና የእናታቸውን ስልክ ከፎቶው ሥር አንሥታ ከመስመሩ ማዶ ተንበረከከች። «ንገረኝ» አለችው።

ኡመሽ ስልኩን አየው። በዕድሜው ሙሉ የሰው ስልክ እንዲከፈት ሲለፋ ኖሮ፣ ይህ አንዱ እንዳይከፈት ተመኘ። ተሳስቶ ቢጠፋ ይሻለው ነበር፤ ከጠፋ ድሩባ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ከተከፈተ ግን እናቱ ዋርካው ላይ ያቆመችው መንገዷን ብቻ አይደለም።

«ኡመሽ፣ ቄሱ እየጠበቁ ነው።»

«ቤት» አለ። «ቦኖ። መቅደስ። ዋርካ። አሁን አንሺ።»

ሙና ጣቷን አነሣች። ስልኩ ተከፈተ። አንድ የተቀዳ ድምፅ ብቻ ነበረበት። ነካችው።

መጀመሪያ የከረሜላ ወረቀት የሚመስል ኮሽታ ተሰማ። ከዚያ ሱባድራ እዚያው መሀላቸው ያለች ያህል ጠርቶ የመጣ ድምፅ።

«ቀዩ በርቷል። ይሰማ ይሆናል። ኡመሽ፣ ልጄ፣ ስለ ወንድምህ ነው። እኔ መሄዱን ትቻለሁ። ያ የአውቶቡሱ ረዳት፣ ‹እማማ፣ መልኩን ይንገሩኝና እኔም ልይልዎት› አለኝ። ልነግረው ብል ያለኝ የሃያ ዓመት ልጅ መልክ ነው። ያ ልጅ ዛሬ የለም። አሁን ከፊቴ ቢወርድ አላውቀውም፤ ምናልባት ወርዶ አልፎኝም ይሆናል። ከዚያ ቀን ወዲህ መቆም አቃተኝ።» ተነፈሰች። «ሣሩን እሰሩለት። ከኔ ጋር ይሂድ። ግን አታሳጥሩት። ለሌሎች ሲያስሩ አይቻለሁ፣ አሻንጉሊት ነው የሚያስመስሉት። ድሩባ ረጅም ልጅ ነበር።»

ከዚያ ኮሽታው እንደገና መጣ። «ይሄ ነገር በምን ነው የሚጠፋው? ቆይ፣ ኡመሽን ልጠይቀው።» የእግሯ ኮቴ ተሰማ፤ እየራቀ ሄደና የዶሮ ድምፅና የሩቅ መኪና ጡሩምባ ብቻ ቀረ። ማንም አላጠፋውም ነበር። ሙናም አላጠፋችውም።

ኡመሽ አለቀሰ። እናቱ ስትቃጠል እንኳ እንዲህ አላለቀሰም፤ እንደ ሕፃን፣ ትከሻው እየተናጠ፣ የሚይዘው ሰው ሳይኖር አለቀሰ። ዲል ማያ ልትነካው እጇን አነሣችና መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። የሁለት ሰው ሐዘን ነው አሁን የወደቀበት። አንዱን ደግሞ ዛሬ ገና መጀመሩ ነው።

ቄሱ ቆይተው ሣሩን መስመሩ ላይ አኖሩት። «ቃሏን ሰጥታለች፣ ባቡ። እሰረው።»

ኡመሽ ሣሩን አንሥቶ ፊት ለፊቱ ዘረጋው። «ይሄ ያጥራል።»

«ምሳሌ ነው እኮ። አንድ ክንድ ከሆነ ይበቃል።»

«አይበቃም። ሌላ ሣር ይምጣ።»

«ስንት ያህል?» አሉ ቄሱ።

ኡመሽ ከጭዱ ላይ ተነሣ። ለመለካት መዳፉን ከተላጨው ራሱ ከፍ አድርጎ አየር ላይ ዘረጋ። ድሩባን ያየው ቀና ብሎ ነበር፤ ያኔ እሱ አጭር ነበር፣ ዛሬ ግን አድጓል። እጁን ትንሽ ዝቅ አደረገ፣ መልሶ ከፍ አደረገ፣ የት ላይ እንደሚያቆመው አላወቀም። ወደ እህቱ ዞረ።

«ከፍ አድርገው» አለች ሙና።

ከፍ አደረገው።