የይሉኝታ ወጪ

"ሰባራ ሳንቲም አልሰጥሽም!" አለ ታላቅ ወንድሟ፣ የባንክ ደብተሯን በኮቱ ኪስ እንደያዘ። "ኦቨርሎክ ማሽን ገዝተሽ በሳምንቱ ልትሸጪው? የአንቺ እጅ እኮ ወንፊት ነው!"

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። ቀሚሷን ልትለካ የመጣች ደንበኛ አጠገቧ ቆማለች። የማሽኑ ሻጭ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልመጣሽ ለሌላ ሰው እሸጠዋለሁ ብሏታል። የጨርቅ ጠርዝ ለማስዘምዘም በየቀኑ ሌላ ሰፊ ዘንድ መሮጥ አንገሽግሿታል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሟ "ላስቀምጥልሽ" እያለ ከዕለት ገቢዋ አብዛኛውን ይወስዳል። በስሟ ያስገባዋል፤ ይህስ አይካድም። እሷም አባካኝ ነሽ ሲላት አምናው ተቀመጠች። አይ ሞኝነት! በዚህ ወር ግን እልህ ያዛት። ያወጣችውን ሁሉ በልብስ መቁረጫ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈች፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ደግሞ ለምን እንዳወጣችው።

"እስቲ አንብበው፣ ጋሼ" ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

እየሳቀ ጎንበስ አለ። "ለአክስቴ ልጅ ስልክ ማሠሪያ፣ ይሉኝታ። ለጎረቤት ምሳ፣ ይሉኝታ። ደንበኛ አልቅሳብኝ የቀነስኩት፣ ይሉኝታ..." ሳቁ ጠፋ። "ለወንድሜ፣ ሰው ፊት ስለጠየቀኝ፣ ይሉኝታ። ለወንድሜ... ይሄ ስንት ጊዜ ነው የተጻፈው?"

"ሰባት።"

"ቀይ ጫማስ? ይኸውልሽ!" ጣቱን ቀሰረ። "አባካኝነት ማለት ይሄ ነው!"

"እሱን ተናድጄ ነው የገዛሁት። ጽፌዋለሁ፣ አልደበቅኩም። ደግሞም ያምርብኛል!"

ደንበኛዋ ሳቋ አመለጣት። "ወይ ጉድ! እኔ እንዲህ ብጽፍ ባሌ አልጋ ይይዛል።"

ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። "እኔ አባካኝ አይደለሁም፣ ጋሼ። እምቢ ማለት የማልችል ሴት ነኝ። አንተ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሰው ባለበት የምትጠይቀኝ። ደብተሬን አምጣ!"

ወንድሟ ደንበኛዋን አየ፣ እህቱን አየ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ደብተሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

"ኋላ ወንድሜ ብለሽ እንዳትመጪ!"

በሩ ጋ ሲደርስ ግን ዞረ። ድምፁ ለስልሷል። "በይ እሺ፣ ይሁንልሽ። መኪናዬ ነዳጅ ጨርሳለች፤ ትንሽ ነገር ስጪኝ እንጂ።"

ደንበኛዋ አቀረቀረች። ልብስ ሰፊዋን እፍረቱ እስከ ጆሮዋ ድረስ አጋላት፤ እጇ ወደ ገንዘብ መሳቢያው ሄደ። ለምዶበታላ! እንደምንም ብላ ሰበሰበችው። "የለኝም" ብትል ይቀላት ነበር፤ ውሸቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጠችው።

"አለኝ፣ ጋሼ" አለች ዓይኑን እያየች። "ግን አልሰጥህም።"