ብርቅነሽ የሳቀችበት ቅዳሜ

ልጆቼ ቬኬሽን የሚሉት ቦታ ከቤታችን አንድ ሰዓት እንኳ አይርቅም። ትንንሾች ሳሉ የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው በየበጋው ፍሎሪዳ ደርሰው ሲመጡ፣ እኛ ዳላስ ካለው ሰፈራችን ከሌክ ሃይላንድስ ተነስተን አርሊንግተን ያለው የመዝናኛ ፓርክ ስንዞር እንውልና ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለ ሞቴል አድረን እንመለስ ነበር። ሞቴሉ መዋኛ ስለነበረው ለእነሱ ቬኬሽን ነው። እኔና ባለቤቴ ብርቅነሽ አንድም የመጫወቻ ማሽን ላይ ወጥተን አናውቅም። የሳንድዊቹን ሳጥን አቅፈን ጥላ ሥር እንቀመጣለን፤ እነሱ ሲጮኹ ቆይተው ይመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ደግሞ ይሮጣሉ። ልጅ ማሳደግ ማለት ለእኛ ዕቃ መጠበቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ዘንድሮ ፊልሞን፣ ሪቻርድሰን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የሚውለው የበኩር ልጄ፣ «እንደ ድሮው እንሂድ፤ አሁን ግን እናንተም ትወጣላችሁ» ብሎ ቲኬት ቆረጠ፣ ሆቴልም ያዘ። እህቱ ሜሪ ነርስ ናት፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሽፍት ተለዋውጣ ቅዳሜና እሁድን ነጻ አደረገች። እናታቸውማ ነጭ ስኒከር ገዝታ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ስታለማምደው ሰነበተች። ሃያ ዓመት የሰው ልጅ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፣ መዋዕለ ሕፃናት ነው የምትሠራው። እንዲህ ስትደሰት አይቻት አላውቅም።

ዓርብ ማታ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ደወሉልኝ። የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሰላምታቸው ሲረዝምብኝ ደግ ወሬ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

ወደ በረንዳ ወጣሁ። የብርቅነሽ ታናሽ ወንድም እንድሪያስ አዲስ አበባ ውስጥ በድንገት ታሞ አርፏል። እንድሪያስ ወንድሟ ነው እንላለን እንጂ ልጇ ማለት ነው። አባታቸው ሲሞት እሱ ገና ጡት አልጣለም ነበርና አዝላ ያሳደገችው፣ ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ ናት። እናታቸው እማማ ተዋበች ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት፤ እየተመላለሰ የሚያያቸው፣ መድኃኒታቸውን የሚያደርስላቸው እሱ ነበር።

«እሁድ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ። «ቄሱም፣ ሴቶቹም ይመጣሉ። ለእናትየውም እዚያ እሁድ ሲነጋ ነው የሚነገራቸው። እስከዚያ ስልክ በእጇ እንዳይገባ። ነገ የት ነው የምትውሉት?»

ነገርኳቸው።

«እንዲያውም ደግ ነው» አሉ። «ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ ነው።»

መርዶ በወጉ መነገር አለበት ብዬ የማምነው ወግ አጥባቂ ስለሆንኩ አይደለም። አብራኝ የአየር ማረፊያ ሚኒባስ የምትነዳ ነጃት የምትባል ልጅ ነበረች። የአባቷን ሞት ፌስቡክ ላይ አየችው፣ ያውም የመንገደኛ ሻንጣ እያወረደች። አስፋልቱ ላይ ተዘርፍጣ ስትጮህ ፖሊሱ መኪና የገጫት መስሎት አምቡላንስ ጠራ። አንድ የሚያቅፋት ሰው አልነበረም። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ በእኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። ሰው ተኝቶ ሲነሳ፣ በገዛ ቤቱ፣ ከሚያውቁት ሰዎች መሐል ሆኖ ይስማ።

ጉዞውን ብሰርዘው ትጠረጥራለች። ስለዚህ ሄድን።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ፓርክ እንዳደረግን ብርቅነሽ መጸዳጃ ቤት ገባች። ያን ጊዜ ለልጆቹ ነገርኳቸው። እሁድ ጠዋት ቤት መገኘት ስላለብን ሆቴሉ መሰረዝ ነበረበት፣ ስልኳንም የሚጠብቅልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ፊልሞን መሬት መሬቱን አየ። ሜሪ ግን ፊቷ ተቀያየረ። አዲስ አበባ በሄደች ጊዜ ኮምቦልቻ ድረስ የወሰዳት፣ መንገዱን ሁሉ ሲያስቃት የሄደው አጎቷ ነው።

«ሶ እማ አታውቅም?» አለችኝ።

«አታውቅም። ነገ ጠዋት ሰዎች መጥተው ይነግሯታል።»

«አባ፣ ይሄ ኖርማል አይደለም። እኛ ሆስፒታል ለፋሚሊ ወዲያው ነው የምንነግረው። የሷ ወንድም ነው፣ ማወቅ ራይት አላት።»

«ራይት አላት። ነገ ጠዋት።»

«እና ዛሬ እየሳቅን ሮለር ኮስተር እንወጣለን?»

ተናደድኩ። ልጅ እውነት ሲናገር የሚያናድደውን ያህል ሌላ የሚያናድድ ነገር የለም። «አንቺ ነርስ ነሽ፣ እኔ ባሏ ነኝ» አልኳት፣ መልስ እንዳይደለ እያወቅሁ። ብርቅነሽ ፊቷ ላይ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለቅልቃ እየሳቀች ወጣች፤ ወሬያችን እዚያ ላይ ቆመ።

ስልኳን «ማሽኑ ላይ ይወድቅብሻል» ብዬ ተቀበልኳትና አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ቀን አልነበረም። አንድ ማሽን ላይ በወጣች ቁጥር፣ «ክፍሉ፣ ስልኬን አምጣ እስቲ፣ ፎቶ ለእንድሪያስ ልላክለት» ትለኛለች። «እንዲህ ስሆን ቢያየኝ በሳቅ ይሞታል» ትላለች። አንዴ ባትሪው አልቋል አልኳት። አንዴ ዕቃ ማስቀመጫው ሎከር ውስጥ ነው አልኳት። አንዴ ደግሞ ውሃ ልገዛ ብዬ ሮጥኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እኔ ግን የሚያልበኝ በፀሐዩ አልነበረም። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ እንደጠፋ ባውቅም የጮኸ እየመሰለኝ ደጋግሜ እዳስሰዋለሁ። ሜሪ ታየኛለች። ዓይኗን ባየሁ ቁጥር አሁን ልትነግራት ነው ብዬ በመሐላቸው እገባለሁ። ብርቅነሽ «ምን ሆነሃል ዛሬ፣ እንደ ዶሮ ትቅበዘበዛለህ» ብላ ሳቀችብኝ።

እሷ እንዳትጠረጥር የረዳኝ ደስታዋ ነው። አንዱን ማሽን ሳትጨርስ ሌላውን ታያለች፣ ካርታውን ገልብጣ ይዛ ትመራናለች። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ዛፍ ሥር ሆና ምን ስትመኝ እንደነበር ገና አሁን ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ በቆሎ ገዝተን ስንበላ፣ ከአይስክሬም ሱቁ በኩል አንዲት ሴት ሁለት ልጆች በእጇ ይዛ ስትመጣ አየሁ። ሐይማኖት ናት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ ተባለና ይኸው። ብርቅነሽን አየቻት። ቆመች። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። ያን የለቅሶ ደራሽ አቋቋም የማያውቅ ሐበሻ የለም። ወደ እኛ መራመድ ጀመረች።

«ይሄኛው ላይ እንውጣ» አልኩ፣ ከበቆሎዬ ጋር እየተነሳሁ።

«የቱ ላይ?»

አጠገቤ ያለው ሰልፍ ውስጥ ጎትቼ አስገባኋቸው። ቀና ብዬ ሳይ ከፓርኩ ሁሉ ረጅሙ ሮለር ኮስተር ነው። ፊልሞን ገብቶታል፤ ወደ ኋላ ቀርቶ ከሐይማኖት ጋር አንድ ሁለት ቃል ተነጋገረና እየሮጠ ደረሰብን። ሴትዮዋ ባለችበት ቀረች። ብርቅነሽ ግን አይታታለች።

«ሐይማኖት መሰለችኝ። ሰላም እንኳ ሳንላት?»

«ስንወርድ እንላታለን» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የደፈርከው?»

እውነቷን ነው። እኔ መሰላል እፈራለሁ። ፊት ወንበር ላይ እሷና እኔ ተቀመጥን፣ ልጆቹ ከኋላችን። ብረቱ ደረታችን ላይ ሲወርድ ብርቅነሽ እጄን ያዘች። ማሽኑ ቀስ እያለ ሀዲዱን ወደ ላይ ወጣ፤ ዳላስ ከሩቅ በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ታየ። ከዚያ ወደቅን። እኔ ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም። ነገ በዚህ ሰዓት ይህ ፊት እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ አየኋት። አፏን ከፍታ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ፣ እንደ ሕፃን ትስቃለች።

መውጫው ላይ፣ ስንወድቅ የማሽኑ ካሜራ ያነሳን ፎቶ በስክሪን ይታያል። የሚፈልግ ይገዛል። ብርቅነሽ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገችና ተጠጋች። መጀመሪያ የራሷን መልክ አይታ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ።

ፎቶው ላይ የምትስቀው እሷ ብቻ ናት። እኔ ወደ ፊት አላይም፤ ሬሳ እንደሚያይ ሰው እሷን ነው የማየው። ፊልሞን አንገቱን ደፍቷል። ሜሪ ታለቅሳለች።

«ሜሪ ለምን ታለቅሳለች?» አለችኝ።

«ፈርታ ነው።»

«ሜሪ ማሽን አትፈራም። የስድስት ዓመት ልጅ እያለች እንኳ ካልወጣሁ ብላ ነበር የምታለቅሰው።»

ከስክሪኑ ዞራ አንድ በአንድ አየችን። ሰው ከኋላችን እየገፋ ያልፋል፣ ልጆች ይጮኻሉ። ስልኩ፣ በሰበብ የቀረው ሆቴል፣ ሐይማኖት፣ ሁሉም በዓይኗ ውስጥ ሲያልፍ አየሁት።

«ማን ነው የሞተው?» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሜሪ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። አፏን ስትከፍት ብርቅነሽ እጇን አነሳች።

«ተይ። አትንገሪኝ። ጠዋት ነው አይደል የሚመጡት?» አለች ወደ እኔ ዞራ።

«ጠዋት ነው» አልኩ።

«እማ፣ ማወቅ ትችያለሽ። ከፈለግሽ አሁን እነግርሻለሁ» አለች ሜሪ።

«አውቃለሁ ልጄ። ግን እዚህ ምን ላድርግ? የት ልቀመጥ? ጠዋት ይነግሩኛል። እስከዚያ ማንም አልሞተብኝም።» የሜሪን እንባ በመዳፏ ጠረገችላትና መነጽሯን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ሜሪ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም።

ወደ ቤት ስንነዳ ፀሐይዋ ከኋላችን እየጠለቀች ነበር። ብርቅነሽ አጠገቤ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። እኔ በሆዴ አመሰግናለሁ። ቢያንስ ቤቷ ትደርሳለች፣ ቢያንስ ሰዎቹ ይደርሱላታል ብዬ። ትንሽ ቆይታ ለራሷ የምታወራ በሚመስል ድምፅ ጀመረች።

«ዕድሜ ሰጥቷታል እኮ። የልጅ ልጅ አይታለች። መቼም እናት አትጠገብም እንጂ ስንቱ ነው እዚያ ዕድሜ የሚደርሰው?»

መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። የሞቱት እናቷ መስለዋታል።

«የማዝነው አለመድረሴ ነው» አለች። «ግን ደግነቱ እንድሪያስ አለ። እሱ በወጉ ይቀብራታል። ነገ መጀመሪያ የምደውለው ለእሱ ነው። ብቻውን ነው፣ ሆደ ቡቡ ነው፤ እኔ ካላጽናናሁት ማን ያጽናናዋል?»

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ቀኑን ሙሉ ንገራት ስትለኝ የዋለችው ሜሪ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

«አባ፣ ጠዋት» አለች። «ፕሊስ፣ ጠዋት።»

ልክ ናት። ቀኑን ሙሉ እኔ ያልኩት ነው። ከቤታችን የሚለየን ትንሽ መንገድ ነው፤ ጥቂት ሰዓት ነው። ግን በሞተው ልጇ ስትጽናና እያየሁ አንድ ማይል እንኳ መንዳት አልቻልኩም። ከአውራ ጎዳናው በመጀመሪያው መውጫ ወጣሁና ከተዘጋ የጎማ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሜ ሞተሩን አጠፋሁ።

«ብርቄ» አልኩ። «እማማ ደህና ናቸው።»

ዞራ አየችኝ። ፊቷ መጀመሪያ ሊፈካ ነበር። ከዚያ ገባት።

«እንድሪያስ ነው» አልኩ።

እንደ ነጃት ትጮኻለች ብዬ ነበር። በሩን ከፍታ ትወጣለች ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። አልጮኸችም። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

«እማዬ ሰምታለች?» አለችኝ።

«አልሰሙም። እዚያ ሊነጋ ነው። ሰዎቹ አሁን ወደ በራቸው እየሄዱ ነው።»

ሜሪ ከኋላ ወንበር ተጠግታ ትከሻዋን አቀፈቻት፤ እሷ ራሷ መንሰቅሰቅ ጀመረች። ብርቅነሽ የልጇን እጅ ያዘች።

«ዝም በይ» አለቻት። «እማዬ ገና ተኝታለች። እናቱ ሳትሰማ እኔ አላለቅስም።»

ሜሪ ፊቷን እናቷ ትከሻ ላይ ደፍታ ልቅሶዋን አፈነች። የጎማ ሱቁ ደጅ ላይ፣ አራታችንም መኪናው ውስጥ ሆነን ኮምቦልቻ እስኪነጋ ጠበቅን።