የመሐንዲሱ ፎቶ

የአንድ አሮጌ ፓምፕ ኩሽኔታ አልወጣ ብሎ እልህ ሲያስጨርሳት ስልኳ ጮኸ። ፓምፕ ጠጋኟ መዶሻውን አስቀምጣ፣ እጇን በቱታዋ ጠርጋ መልእክቱን ከፈተች። የአንድ እርሻ ኃላፊ ነው። ጠዋት ፓምፑ ለምን እንደሚያጓራና ውሃ እንደማይስብ ጠይቋት፣ "አየር እየሳበ ነው፤ የቱቦውን መጋጠሚያ አጥብቁ፤ ካልሆነ ማሸጊያው ጎሚኒ አልቋል፣ ፓምፑን አምጡት" ብላ መልሳለት ነበር።

አሁን ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "እህቴ፣ ቁም ነገር ነው የያዝነው። የሚያውቀውን ሰው አገናኚኝ።"

እሱስ ጨዋ ነው። ሰኞ ዕለት የሟች ባሏን ፎቶ ደንበኛ ከሚጽፍበት ገጽ ላይ አንስታ የራሷን ከለጠፈች ወዲህ ግማሹ ሰው "ባለቤትሽ የለም?" ይላል፤ ግማሹ "ባል አለሽ?"። በአራት ቀን አንድም ፓምፕ አልገባም። ገጹን የሚያሳምርላት ማስታወቂያ ሠሪ አስጠንቅቋት ነበር። "ፓምፕ የወንድ ዕቃ ነው። የሴት ፊት ካማረሽ ጭማቂ መፍጫ ሽጪ፤ ገጹን ሮዝ ቀለም አደርግልሻለሁ" ብሎ። የሞኝ ምክር መስሏት ስቃ ነበር። ገበያው ግን ከሞኙ ጋር ወገነ።

ባሏን ሰፈሩ "መሐንዲሱ" ይለው ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረሰም፤ እጁ ግን ወርቅ ነበር። መጻፍ ሞቱ ነበር። "ጣቴ ለመፍቻ እንጂ ለፊደል አልተፈጠረም" እያለ ስልኩን ወደ እሷ ይወረውር ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ለደንበኛው ሁሉ ስትመልስ የኖረችው እሷ ናት፤ ለእናቱም ጭምር፣ ከዚያው ገጽ። ሙያውንም ከጎኑ ሆና የቀዳችው እንዲሁ ነው። ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ፎቶው ግን እስከ ሰኞ ድረስ ሠርቶ ሲያበላት ከርሟል።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አማቷ ናቸው፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው መጥተዋል።

"ልጄን የት አደረስሽው?" አሉ፣ ገና ከደፉ ላይ።

"እማማ፣ ምን ሆኑ? አረፍ ይበሉ እንጂ።"

"አላርፍም! ይኸው፣ እዪው። ከእሱ የቀረኝ ይሄ የጻፈልኝ ነው። ትናንት ብከፍተው የልጄ ፊት የለም፤ ሁሉም አንቺ ሆነሻል። መቅበሩ አልበቃሽም?"

ጠጋኟ ስልኩን ተቀበለች። ፎቶ ሲቀየር የድሮው መልእክት ሁሉ አብሮ ፊቱን እንደሚቀይር አላሰበችውም ነበር። "እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት አደረ?" ይላል፤ ከጎኑ የእሷ ፊት። "መድኃኒትሽን ዋጥሽ?" አሁንም የእሷ ፊት። እያንዳንዷን የጻፈችው እሷ ናት፤ ራት እየሠራች፣ ባሏ ሶፋው ላይ እያንኮራፋ። በራሷ አፍ አንድ ቀን "አንቺ" ብላቸው የማታውቃቸውን ሴት በእሱ ስም "አንቺ፣ እማዬ" ስትል ደስ ይላት ነበር።

"እማማ፣ እነዚህን እኮ..."

"እነዚህን ምን?" አሉ አማቷ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ ቃል አይወጣውም ነበር። ቴሌቪዥን አይቶ፣ በልቶ ይሄዳል። ይወደኛል አይወደኝም ስል፣ ልቡን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፤ ፍቅሩን ይደብቃል።"

የእኔ ነው፣ የእኔ ጣት፣ የእኔ አሳብ ማለት አማራት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የአሮጊቷ እጅ ግን ስልኩን ለመቀበል ተዘርግቷል፤ ያቺ አንድ ቃል ልጃቸውን ሁለተኛ ትገድልባቸዋለች።

"በስህተት ነው፣ እማማ" አለች። "አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።"

የራሷን ስልክ አንስታ የራሷን ፎቶ አጠፋች። መሐንዲሱ ፂሙን ተላጭቶ፣ ፈገግ እንዳለ ተመለሰ። እግረ መንገዷንም የጠዋቱን መልስ አንድ ፊደል ሳትለውጥ ለእርሻው ኃላፊ ደግማ ላከችለት። ደቂቃ አልቆየም።

"አሁን ገና ሰው አገኘሁ! ነገ ሦስቱንም ፓምፕ ይዤ እመጣለሁ፣ ወንድሜ።"

አማቷ ስልካቸውን ስመው በመሐረቡ ጠቀለሉት። ከበሩ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"አንቺ ደግሞ ጨካኝ ነሽ። አሥር ዓመት ሙሉ እንደሱ ሁለት መስመር ጽፈሽልኝ አታውቂም።"

"እውነትዎን ነው፣ እማማ" አለችና መዶሻውን አነሳች።