ምራቁን የጨረሰ ሽማግሌ

4.

ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። አቶ ደምሰው «እሺ፣ እንስማችሁ» ብለውናል። ቆመናል። አፌን ከፈትኩ።

ምንም።

(ቁጥሩ ከ4 የጀመረው ለጥበብ ብዬ አይደለም። ከአንድ እስከ ሦስት ያሉትን ጽፌ የት እንዳስቀመጥኳቸው ጠፋኝ። ኬሞው የጉሮሮዬን ካንሰር ሲጠርግ የማስታወስ ችሎታዬንም አብሮ ጠርጎታል፤ ይቅር በሉኝ።)

5. ማነህ ላላችሁኝ

ንጋቱ እባላለሁ። አርባ አንድ ጊዜ ለጋብቻ ሽማግሌ ሆኜ ተልኬአለሁ፤ አንድም ቀን እምቢ ተብዬ አላውቅም። አፌ ጤፍ ይቆላ ነበር። ዛሬ የመጣሁት ለእህቴ ልጅ ለኪሩቤል ነው። የአቶ ደምሰውን ልጅ ፌቨንን ካላገባሁ እሞታለሁ ብሏል። እሞታለሁን ለእኔ!

6. ነርሷ በየስድስት ወሩ የምትሞላው ቅጽ

የአፍ መድረቅ፦ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ሠላሳ አምስት ቀን ጨረር ወስጄ ምራቄ አለቀ። ሰዉ ግን አሁንም «ምራቁን የዋጠ ሰው ነው» እያለ ይልከኛል። ከየት አምጥቼ ልዋጥ?

አንገት፦ አይዞርም። ሚስቴ ስትጠራኝ እንደ አውቶቡስ ሙሉ በሙሉ ነው የምዞረው።

ጢም፦ ጉንጬ ላይ አለ። ከአገጬ በታች በረሃ።

የጣት መደንዘዝ፦ ዛሬ ጠዋት ሸሚዜን የቆለፈችልኝ ሚስቴ ናት። «ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ሌላ፦ ፍርሃት። (ነርሷ «እሱ ቅጹ ላይ የለም» ብላ ሰረዘችው።)

7. መመሪያ

ለሽምግልና ስትሄድ ልጅቷ እስክትፈቀድ እህል ውኃ አትቅመስ። ከቀመስክ ነገሩን አቀለልከው። ኮት ኪስህ ያለውን ሃይላንድ ውኃ አትንካ። ለምን እንደሚጠማህም ትንፍሽ አትበል፤ «በዘራቸው ካንሰር አለ» ከተባለ ኪሩቤል አለቀለት።

8. የተባለው እንዳለ

እኔ፦ ል… ልጅ…

አቶ ደምሰው፦ ልጅ ምን?

ጋሽ አሰግድ (አብረውኝ የተላኩት ሽማግሌ)፦ ተናገር እንጂ!

እኔ፦ ልጅ… ዎን…

አቶ ደምሰው፦ አንዴ ይቅርታ። (ወጡ።)

ጋሽ አሰግድ፦ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው! ናቁን እኮ!

9.

ሃይላንዱን አወጣሁና ጠጣሁ። ክዳኑ ከደነዘዙት ጣቶቼ አምልጦ ሶፋ ሥር ገባ። በርከክ ብዬ ስፈልግ አቶ ደምሰው በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«እቤቴ መጥተው የራስዎን ውኃ? የእኔ ይመርዛል?»

10.

አሁን ሳልቀባባ ልጻፈው።

«የጉሮሮ ካንሰር ታምሜ ነበር» አልኳቸው። «ድኛለሁ። ጨረሩ ግን ምራቄን ይዞት ሄደ፤ ውኃ ካልጠጣሁ መናገር አልችልም። በእኔ ምክንያት ልጁን አይፍረዱበት።»

ጋሽ አሰግድ አማተቡ። እኔ አለቀልን ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

አቶ ደምሰው ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ጨረር ስንት?» አሉኝ።

«ሠላሳ አምስት።»

«እኔ ሠላሳ ዘጠኝ። ፕሮስቴት። ካንሰሩ ሄዷል፤ ፊኛዬ ግን ከዚያ ወዲህ አይታዘዘኝም። ሽንት ቤት ነው የምመላለሰው።»

ወይ ጉድ! ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጋሽ አሰግድ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን እያዩ «ምን ነካችሁ?» ይላሉ።

11.

አቶ ደምሰው ራሳቸው ሄደው በብርጭቆ ውኃ አመጡልኝ።

«ይጠጡ፤ ልጅቷን ሰጥቻለሁ። አሁን ደግሞ ሽማግሌ የምልከው እኔ ነኝ። ፌቨን አታውቅም። ሁለት ዓመት ልነግራት ፈልጌ አቃተኝ። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«መቼ?»

«አሁን።» ወደ ጓዳ ዞረው ጠሯት።

ብርጭቆውን ጨለጥኩት።

12.

መጣች። አባቷ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተከሉ።

«ፌቨን፣ ልጄ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ። አባትሽ ልከውኝ ነው። ያሉትም ‹ካንሰር ታምሜ ነበር፤ ድኛለሁ› ነው።»


__________________________