የተቃጠለው ጥቅል

አባቴ ቪህቶሪ በዕድሜው አንድ ፊልም ብቻ ነው የሠራው። ድምፅ የሌለው የወንጀል ፊልም ነበር። ከዋና ከተማችን ከሄልሲንኪ የመጡት ፊልም ሠሪዎች የመረጡት ፈረስ መጋለብ ስለሚያውቅበት ነው። በታሪኩ የፈረስ ሌባ ተብሎ ሲታደን ይቆይና፣ መጨረሻ ላይ እውነተኛው ሌባ ተይዞ እሱ ነፃ ይወጣል።

ፊልሙ በመንደራችን አዳራሽ ሲታይ ግን የመጨረሻው የፊልም ጥቅል ማሳያ ማሽኑ ላይ ተቃጠለ። ሕዝቡም አባቴ በሰው ፈረስ ሲሸመጥጥ አይቶ ወደየቤቱ ገባ።

"ቪህቶሪ መጣ፣ በረቱን ቆልፉ!" ማለት ያኔ ቀልድ ነበር። እየቆየ ሳቁ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ወጉ በእንፋሎት ወደሚታጠቡበት ሳውና የሚጠራው ጎረቤት አጣ።

"ኧረ ፊልም ነው! መጨረሻ ላይ ነፃ ነኝ!" ይላቸዋል።

"መጨረሻውን ማን አየልህ?" ይሉታል።

ሠላሳ ዓመት ሌባ ሆኖ ኖሮ ሞተ።

ባለፈው ሳምንት ከእሳት የተረፈው ፊልም ተጠግኖ እዚያው አዳራሽ ታየ። እሱን ባየች ቁጥር በረቷን ትቆልፍ የነበረችው ጎረቤታችን ሂልማ "የኛ ቪህቶሪ! እንዴት ያለ አርቲስት ነበር!" እያለች እንባዋን ጠረገች። ከከተማ የመጡት የፊልም ምሁር ደግሞ "ውበቱ መጨረሻው መጥፋቱ ነው። ይስረቅ አይስረቅ እስከ ዛሬ ያጠያይቃል" አሉ።

ብድግ አልኩ። "ምንም አያጠያይቅም! አባቴ አልሰረቀም!" ብዬ ጮህኩ።

አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ሂልማ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብላ፣ "ትወናውን ከአባቷ ነው የወረሰችው" አለች።