ከደምበል የመጡ እንግዳ

ካርቶኑ የፓስታ ነበር። አየር እንዲያስገባ ጎኑ በቢላ ተበሳስቷል። ላዳን አዴር፣ አጎቴ፣ የምትላቸው ሽማግሌው ዐብዲጀባር ቀስ አድርገው ቤቷ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡትና ጉልበታቸውን አሻሹ፤ ከደምበል እስከ ጅግጅጋ ድረስ በሚኒባስ ጭናቸው ላይ ይዘውት ነው የመጡት። ሾፌሩ ሲጠይቃቸው ጫጩት ነው ብለውታል። ይህን ሲናገሩ በገዛ ብልጠታቸው ሳቁ። ላዳን ግን ሳትስቅ ካርቶኑን ከፈተችው።

ሦስት የአቦሸማኔ ግልገሎች ነበሩ። አንደኛው ሞቷል።

ላዳን የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት። ያለፈውን ክረምት ከደምበል ወዲያ ባለው ፓርክ ስትሠራ ነው ከሽማግሌው ጋር የተዋወቁት። እናቱ ለጅብ የተቀመጠ መርዝ በልታ የሞተችበትን አንድ ግልገል በሽርጣቸው ጠቅልለው፣ በጠራራ ፀሐይ በእግራቸው አመጡላት። ከሩቅ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም፤ እሷም ያደገችው እንዲህ ነው። ከራሷ ስንቅ ስኳርና ሻይ ቅጠል ቋጥራ ሰጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ ግልገል ይዞ የሚመጣው ሰው በዛ። አንዱ በጆንያ፣ ሌላዋ በቅርጫት ያመጣሉ፤ ላዳንም ሁሉንም ስኳር አስይዛ ትሸኛለች። የፓርኩ ኃላፊ ጋሽ ወልደሥላሴ «ሕዝቡ ነቃ» እያሉ በየስብሰባው አመሰገኗት። እሷ የፍየል ወተት በመርፌ ቱቦ እያጠባች አብራቸው ታድር ነበር። ግልገሎቹ ግን እግራቸው እየታጠፈ፣ ሆዳቸው እየተነፋ ተራ በተራ አለቁ። ከመጋዘኑ ጀርባ የቀበረቻቸውም ራሷ ናት። ይህ ሁሉ እናት የሌለው ግልገል ከየት መጣ ብላ አለመጠየቋ ዛሬ ገረማት።

«እናታቸውስ?» አለች።

«እናታቸው ደህና ናት። ለአደን እስክትወጣ አድፍጠን ስንጠብቅ ነው የሰነበትነው።»

ላዳን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ያኔ የቋጠረችው ስኳር ሰውን ምን እንዳስተማረ አሁን ነው የገባት።

ግልገልን ከእናቱ ጉያ መንጠቅ ወንጀል እንደሆነ፣ ፓርኩም ግልገል እንደማይገዛ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው በትዕግሥት አዳመጧት። ዘግይተው በመምጣታቸው የተቀየመች መስሏቸው ነበርና ሌላም ጎሬ እንደሚያውቁ፣ አማቻቸው እየጠበቀው እንደሆነ ነገሯት።

«አንቺ ካልፈለግሽ ድንበሩ ላይ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ የሚፈልግ ሰው አለ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ግን ላዳን ትቅደም ብዬ ነው።»

ስልኳን አንስታ ለፓርኩ ኃላፊ ደወለች። ጋሽ ወልደሥላሴ ለስብሰባ ጅግጅጋ ነበሩ። ሽማግሌው አማርኛ ስለማያውቁ ከአጠገባቸው እንኳ አልራቀችም። ጣታቸውን ባቀረበችው ወተት ውስጥ እየነከሩ የአንዱን ግልገል አፍ ሲያርሱ እያየች ሁሉንም ተናገረች፤ የስኳሩን ነገር ሳይቀር።

ጋሽ ወልደሥላሴ ሰምተው ሲጨርሱ መለሱላት። «አንድ ሰው ካልታሰረ ይህ ነገር አይቆምም። ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ምሳም ቢሆን አብዪና አቆዪያቸው። የስኳሩን ወሬ ግን ለማንም እንዳታነሺው።»

ብትለቃቸው ያኛውም ጎሬ ይራቆታል። ብታቆያቸው ደግሞ አምኗት ቤቷ የገባን ሰው በገዛ እጇ አሳልፋ መስጠቷ ነው፤ ጥፋቱ ከእሷ ተጀምሮ የሚታሰሩት እሳቸው። አፈረች፤ ፈራችም። ተነሥታ ሩዝና የፍየል ሥጋ አቀረበች።

አዴር ዐብዲጀባር በችኮላ በሉ። የደምበል መኪና ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ አይገኝም።

«የክረምቱ ግልገሎችስ አደጉ?» አሉ እየጎረሱ።

«አደጉ።»

አላህን አመሰገኑ። በሩ ላይ ያረፈውን ፀሐይ አይተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ሽርጣቸውን አጥብቀው ተነሡ። ላዳን በበሩና በእሳቸው መካከል ቆማ ነበር። ዞር ብትል ይወጣሉ። ከመንገዱ የመኪና ድምፅ መጣ፤ አለፈ።

«አዴር፣ ምን ያስቸኩልዎታል?» አለች። «ሥጋውን እኮ አልነኩትም።»

ሽማግሌው የእንግዳ እፍረት ያዛቸው። ልጅ ይውጣልሽ ብለው መረቋትና ተመልሰው ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ወደ ሣህኑ ዘረጉ።